ለሕዝብ ጥቅም የሚሠሩ የሶፍትዌር ድርጅቶችን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች በየወሩ ስንት እናቶች በባለሙያ እገዛ እንደወለዱ፣ ስንት ሕፃናት እንደተከተቡና ስንት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሕክምና እንደጀመሩ ይመዘገባል። ምዝገባው ተጠቃሎ በክፍለ ከተማው በኩል ወደ አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል። ክትባትና መድኃኒት የሚታቀደው፣ በጀት የሚደለደለውና የወረርሽኝ ምልክት ሲታይ ባለሙያ የሚሰማራው ይህንኑ አኃዝ መሠረት በማድረግ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ኮልፌ ቀራኒዮ 428 ሺህ 895 ነዋሪዎች የነበሩት ሲሆን፣ በወቅቱ ከነበሩት 10 ክፍለ ከተሞች ከፍተኛው የሕዝብ ቁጥር የተመዘገበበት ነበር። ከአየር ጤናና ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክና ዘነበወርቅ ባሉት አካባቢዎች የሚሰጠውን አገልግሎት በትክክል ለመምራት አስተማማኝ የመረጃ ሥርዓት የግድ እንደሚያስፈልግ ከዚህ አኃዝ ብቻ መገንዘብ ይቻላል።

የጤና ሪፖርቱን የሚያስተላልፈው ሥርዓት ዲኤችአይኤስ 2 በሚል ስም ይታወቃል። ሥርዓቱን የሚያበለጽገው በኖርዌይ የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ መነሻው ግን ከአፓርታይድ ሥርዓት ማብቃት በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተከናወነው የጤና መረጃ ማሻሻያ ሥራ ነው። በአሁኑ ወቅት ከ70 በላይ አገሮች ይገለገሉበታል። በኢትዮጵያም በጤናው ዘርፍ የተያዘውን የመረጃ አብዮት ለማሳካት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። የሥርዓቱ ምንጭ ኮድ ለማንም ክፍት በመሆኑ መንግሥት ለሶፍትዌሩ የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅም።

ዲኤችአይኤስ 2 ግን ብቻውን የቆመ አይደለም። የተመዘገበው አኃዝ የሚቀመጠው ፖስትግሬስኪውኤል በተባለ ሌላ ክፍት ምንጭ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ሥርዓቱን የሚያስተናግዱ ሰርቨሮችም በአብዛኛው የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ምንጭ መድረክም እንዲሁ ከፖስትግሬስኪውኤል ጋር እንዲሠራ ተደርጎ የተነደፈ ነው። አንድ ነዋሪ በጤና ጣቢያ ሲታከምም ሆነ ለመታወቂያ ሲመዘገብ ስማቸው በመሥሪያ ቤቶች እምብዛም የማይነሳ የሶፍትዌር ፕሮጀክቶች አገልግሎት ተጠቃሚ ይሆናል ማለት ነው።

ከእነዚህ ፕሮጀክቶች ጀርባ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ የሚታወቁ አካላት አሉ። እነርሱም ገንዘባቸውን፣ ስማቸውንና ንብረታቸውን በአደራ የሚጠብቁላቸው ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ አንዱ የሆነውንና ስሙ “ሶፍትዌር ለሕዝብ ጥቅም” የሚል ትርጉም ያለውን ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት የተሰኘ ድርጅት በማስተዋወቅ፣ የእንዲህ ያሉ ድርጅቶች መታወቅ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚኖረውን ፋይዳ ማብራራት ነው።

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ምንነት

ማንኛውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም በመጀመሪያ የሚጻፈው ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ነው። ይህ ጽሑፍ ምንጭ ኮድ ይባላል። በንግድ የሚሸጡ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ምንጭ ኮዳቸው ለገዢው አይሰጥም፤ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም መብትን ብቻ ነው። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ግን ማንኛውም ሰው ምንጭ ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና ለሌሎች እንዲያሰራጭ በፈቃድ ሰነዱ ላይ በግልጽ ይደነግጋል።

ይህ ማለት ግን ሶፍትዌሩ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች መካከል ያካትታል። የክፍት ምንጭ ፈቃድም የሚጸናው በዚሁ መብት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የሥራው ባለመብት ለሕዝብ የፈቀደውን በጽሑፍ ያሰፍራል፣ ተጠቃሚውም የፈቃዱን ግዴታዎች ያከብራል።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ወጪ የለውም ማለትም አይደለም። ምንም እንኳ የፈቃድ ክፍያ ባይኖረው፣ ሰርቨር መግዛት፣ ባለሙያ ማሠልጠን፣ የደኅንነት ማሻሻያዎችን መከታተልና የመረጃ ቅጂ በየጊዜው ማስቀመጥ ወጪ ይጠይቃሉ። በሌላ በኩል ፕሮግራሙን የሚጽፉና የሚጠግኑ ሰዎችም ጊዜና ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል። በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ሁለተኛው ወጪ ነው።

አደራ ተቀባዩ ድርጅት

በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ባለሙያዎች ተባብረው አንድ ፕሮግራም ሲሠሩ ብዙም ሳይቆይ ከአስተዳደራዊ ጥያቄ ጋር ይፋጠጣሉ። ለጋሾች የሚሰጡት ገንዘብ በማን ስም ባንክ ይገባል? የፕሮጀክቱ ስም የንግድ ምልክት ሆኖ ሲመዘገብ ባለቤቱ ማን ይሆናል? ሰርቨር ሲገዛ ውሉን የሚፈርመው ማን ነው? እነዚህ ሁሉ በአንድ ግለሰብ ስም ቢያዙ ግለሰቡ ሲታመም፣ ሥራውን ሲተው ወይም ሲሞት ሥራው አደጋ ላይ ይወድቃል። ሕጋዊ ሰውነት ያለው አካል የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1997 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት በሕግ ተመዝግቦ ተቋቋመ። መነሻው ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1993 ይፋ ያደረገው ዴቢያን የተባለው ሊኑክስን መሠረት ያደረገ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ዴቢያን የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ እንጂ በሕግ የተመዘገበ ኩባንያ ባለመሆኑ፣ የሚለገሰውን ገንዘብ የሚይዝለትና የንግድ ምልክቱ ባለቤት ሆኖ የሚጠብቅለት አካል አስፈልጎት ነበር። ኡቡንቱ የተሰኘውና በርካታ መሥሪያ ቤቶች የሚያውቁት ሥርዓትም የተገነባው በዴቢያን ላይ ነው።

ድርጅቱ በጊዜ ሂደት አገልግሎቱን ለሌሎች ፕሮጀክቶችም አስፍቷል። ከእነዚህም መካከል የመረጃ ቋቱ ፖስትግሬስኪውኤል፣ የድምፅና የምስል ፋይሎችን የሚያዘጋጀው ኤፍኤፍኤምፔግ እንዲሁም አርች ሊኑክስ ይገኙበታል። ድርጅቱ ፕሮጀክቶቹን በሙያዊ ጉዳይ አያዝም፤ የትኛው ክፍል መቼ እንደሚሻሻል የሚወስኑት ራሳቸው ፕሮጀክቶቹ ናቸው። የእርሱ ድርሻ ገንዘብ መቀበል፣ ሒሳብ መያዝ፣ ክፍያ መፈጸም፣ ንብረት መጠበቅና ውል መፈረም ነው። ለዚህም ከሚገባው ልገሳ 5 በመቶውን ለአስተዳደር ወጪ ያስቀራል።

የአሠራሩ ግልጽነትም ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ድርጅቱ የሚመራው ዘጠኝ አባላት ባሉት ቦርድ ሲሆን፣ የቦርድ አባላቱን የሚመርጡት ለነጻ ሶፍትዌር አስተዋጽኦ ማድረጋቸው የተረጋገጠላቸው አባላት ናቸው። አባል ለመሆን ክፍያ አይጠየቅም። የቦርዱ ቃለ ጉባኤዎችና የገንዘብ ሪፖርቶችም ለሕዝብ ይፋ ይደረጋሉ።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በየሰፈሩ የሚገኝ እድር ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊና ዳኛ ይመርጣል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና የማብሰያ ዕቃው በማኅበሩ ስም ይያዛል እንጂ የማንም የግል ንብረት አይሆንም። አባሉ ሐዘን ሲደርስበት ዕቃው በሥርዓቱ የሚቀርበው አስቀድሞ የጠበቀው በመኖሩ ነው። ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት ለበርካታ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው አገልግሎትም ከዚህ የሚለየው ንብረቱ የዶሜይን ስም፣ ሰርቨርና የንግድ ምልክት መሆኑ ነው።

የአደራ ተቀባይ ድርጅት ጥቅም በግልጽ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የኤክስ.ኦርግ ፋውንዴሽን ታሪክ ነው። ኤክስ.ኦርግ በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ መስኮቶችና ምስሎች በስክሪን እንዲታዩ የሚያደርገውን ሶፍትዌር የሚመራ አካል ነው። ፋውንዴሽኑ ራሱን ችሎ ተመዝግቦ የነበረ ቢሆንም ዓመታዊ የግብር ሰነዶችን በወቅቱ ባለማቅረቡ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅትነት ዕውቅናውን አጥቶ ነበር። ምንም እንኳ በኋላ ዕውቅናው ቢመለስለት፣ አባላቱ የአስተዳደር ሥራው ከአቅማቸው በላይ መሆኑን በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት ሥር ለመጠቃለል ድምፅ ሰጥተዋል። በፕሮግራም ጽሑፍ የላቁ ባለሙያዎች በሒሳብ ሰነድ ምክንያት ሊሰናከሉ እንደሚችሉ ይህ ምሳሌ ያሳያል።

ይህንን መሰል ድርሻ ያላቸው ሌሎች ድርጅቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው የአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው የሞዚላ ፋውንዴሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረው ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ እንዲሁም ሊብሬኦፊስ የተባለውን የቢሮ ሶፍትዌር ለመደገፍ በጀርመን በርሊን የተመዘገበው ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን በዚሁ ረድፍ ይመደባሉ።

ያለመታወቅ የሚያስከትለው ጉዳት

አንድ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ወይም የሚደግፈው ድርጅት አለመታወቁ የክብር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ያለፉት ዓመታት ተሞክሮ እንደሚያመለክተው ያልታወቀ አካል አይደገፍም፤ ያልተደገፈ ሥራም ውሎ አድሮ በተጠቃሚው ላይ አደጋ ያስከትላል።

የመጀመሪያው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ የተሰኘው የደኅንነት ክፍተት ነው። ክፍተቱ የተገኘው ኦፕንኤስኤስኤል በተባለውና በኢንተርኔት የሚተላለፉ የይለፍ ቃሎችንና የባንክ መረጃዎችን በምስጢር ለማስተላለፍ በሚያገለግለው ሶፍትዌር ውስጥ ነበር። ዓለም የሚጠቀምበት ይህ ሥራ በወቅቱ ሙሉ ጊዜውን የሰጠው ባለሙያ አንድ ብቻ ሲሆን፣ በዓመት የሚያገኘው ልገሳም 2 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበር የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ገልጸዋል። ክፍተቱ ከታወቀ በኋላ ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በሊኑክስ ፋውንዴሽን አማካይነት የድጋፍ ፈንድ አቋቁመዋል። ይህ ድጋፍ ቀደም ብሎ ያልተገኘው ኩባንያዎቹ ገንዘብ አጥተው ሳይሆን፣ የሚገለገሉበት ሥራ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ባለማስተዋላቸው ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የታወቀው በሎግ4ጄ ላይ የተገኘው ክፍተት ነው። ሎግ4ጄ በጃቫ ቋንቋ የተጻፉ ሥርዓቶች የሥራ ሂደታቸውን ለመመዝገብ የሚጠቀሙበት፣ በአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሥር በበጎ ፈቃደኞች የሚጠበቅ ክፍል ነው። ዲኤችአይኤስ 2 የተጻፈውም በጃቫ በመሆኑ አበልጻጊዎቹ የእርማት ሥሪቶችን አውጥተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት የሚገለገልባቸው ሥርዓቶች ከምን ከምን እንደተሠሩና እርማቱ ከማን እንደሚመጣ አስቀድሞ ካላወቀ፣ ጥንቃቄ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ጊዜ በመጠያየቅ ያባክናል።

ሦስተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ የሆነው ነው። ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር ለዓመታት ሲጠብቅ የቆየው በሥራ ብዛት የተዳከመ አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ አካል በሐሰተኛ ስም ቀርቦ ከሁለት ዓመት በላይ በመርዳት አመኔታን ካገኘ በኋላ፣ ሰርቨሮችን ከርቀት ለመቆጣጠር የሚያስችል ስውር በር በሶፍትዌሩ ውስጥ አስገባ። ድርጊቱን ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስኪውኤል አበልጻጊ ሲሆን፣ በዴቢያን የሙከራ ሥሪት ላይ በመሥራት ላይ ሳለ ወደ ሰርቨር ለመግባት የሚወስደው ጊዜ በግማሽ ሴኮንድ ገደማ መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን በመመርመሩ ነው።

በዚህ ክስተት ውስጥ ለመንግሥት ሠራተኞች ሁለት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው፣ ብቻውን የተተወ ጠባቂ ለተንኮል የተጋለጠ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አደጋው ሳይስፋፋ የተገታው ምንጭ ኮዱ ክፍት በመሆኑና ሥራውን በትኩረት የሚከታተል ባለሙያ በመገኘቱ ነው። ባለሙያው የሚሠራበት የመረጃ ቋትም ሆነ ችግሩ የታየበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሁለቱም በሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት የሚደገፉ ፕሮጀክቶች ናቸው።

የፊደል ጉዳይ

የእነዚህ ድርጅቶች ሥራ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የዕለት ተዕለት አገልግሎት ውስጥ በይበልጥ የሚታየው በፊደል ላይ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆኖ ይታይ እንደነበር በቢሮ ሥራ ላይ የቆዩ ሠራተኞች ያስታውሱታል። እያንዳንዱ የፎንት አዘጋጅ ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር አንድ ወጥ መዝገብ ማደራጀት አዳጋች ነበር።

ችግሩ መፍትሔ ያገኘው የዓለም ፊደላትን ሁሉ በአንድ ሥርዓት በሚመዘግበው ዩኒኮድ አማካይነት ነው። ሥርዓቱን የሚመራው የዩኒኮድ ኮንሰርቲየም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1991 በካሊፎርኒያ የተመዘገበ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተካተተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010 እና በ2021 በወጡ ሥሪቶች ደግሞ ተጨማሪ የፊደል ቅርጾች ገብተዋል። ዳንኤል ያዕቆብ የመሠረተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንም የአማርኛና የሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የጽሕፈት ገበታዎችን በክፍት ፈቃድ በማዘጋጀት ይታወቃል።

በዴቢያንም በኩል የአማርኛ ድርሻ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 የወጣው ዴቢያን 5.0 የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የመጫን ሂደት በአዲስ ከተካተቱ ቋንቋዎች መካከል በአማርኛም አቅርቧል። ይህንን የሚያስገድድ የንግድ ትርፍ አልነበረም። በአማርኛ የተተረጎመው ጽሑፍ በዓለም ላይ በሚሰራጨው ሥሪት ውስጥ ሊገባ የቻለው ፕሮጀክቱ ለማንኛውም ቋንቋ ክፍት በመሆኑና ፈቃደኛ ተርጓሚዎች በመገኘታቸው ነው። በንግድ ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ ውሳኔው የገበያ ስፋትን በሚያሰላ ኩባንያ እጅ ይሆን ነበር።

በክፍለ ከተማና በወረዳ ደረጃ ምን ሊደረግ ይችላል?

ለሕዝብ ጥቅም የሚሠሩ የሶፍትዌር ድርጅቶችን ማስተዋወቅ ሲባል የማስታወቂያ ዘመቻ ማካሄድ ማለት አይደለም። በመሥሪያ ቤት ደረጃ የሚጀምረው የሚገለገሉበትን በትክክል ከማወቅ ነው። በዚህ ረገድ የንብረት መዝገብ ጥሩ አርአያ ይሆናል። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ያሉትን ወንበሮች፣ ኮምፒዩተሮችና ተሽከርካሪዎች መዝግቦ ይይዛል። በኮምፒዩተሮቹ ላይ ያሉት ሶፍትዌሮች ግን ብዙ ጊዜ በየትኛውም መዝገብ አይገኙም።

የሶፍትዌር መዝገብ ለማዘጋጀት ልዩ በጀት አያስፈልግም። የሶፍትዌሩን ስምና ሥሪት፣ የፈቃዱን ዓይነት፣ አበልጻጊውን፣ የሚደግፈውን ድርጅት፣ የደኅንነት ማሳሰቢያ የሚወጣበትን መንገድና በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነቱን የያዘውን ሠራተኛ የሥራ መደብ የያዘ ቅጽ በቂ ነው። ይህ ቅጽ በየስድስት ወሩ ቢታደስ፣ በሎግ4ጄ ላይ እንደታየው ዓይነት ችግር ሲያጋጥም መሥሪያ ቤቱ የተጋለጠ መሆን አለመሆኑን በአጭር ጊዜ ውስጥ ለማወቅ ያስችለዋል። “የሚደግፈው ድርጅት” የሚለው ዓምድ በተሞላ ቁጥርም እስካሁን ያልታወቁት ስሞች ወደ መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ይገባሉ።

ሁለተኛው ተግባር ችግርን ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ልማድ ነው። አንድ የጤና መረጃ ባለሙያ በሪፖርት ቅጹ ላይ የሚደጋገም ስህተት ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ መላ ፈጥሮ ያልፈዋል። ስህተቱ መቼ፣ በየትኛው ሥሪትና በምን ሁኔታ እንደታየ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በሚኒስቴሩ በኩል ለአበልጻጊዎቹ ቢደርስ ግን እርማቱ ለኮልፌ ቀራኒዮ ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱን ለሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ ይተርፋል። በክፍት ምንጭ ዘርፍ ገንዘብ መላክ ብቸኛው አስተዋጽኦ አይደለም። ትርጉም፣ ሙከራ፣ የአጠቃቀም መመሪያ ማዘጋጀትና በጥንቃቄ የተጻፈ የስህተት መግለጫም እንደ ትልቅ ድጋፍ ይቆጠራሉ።

ሦስተኛው የሥልጠና ጉዳይ ነው። በመሥሪያ ቤቶች የሚሰጡ የኮምፒዩተር ሥልጠናዎች የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ ያስረዳሉ እንጂ ሶፍትዌሩ ከየት እንደመጣና በምን ፈቃድ እንደሚሠራ እምብዛም አያነሱም። በሥልጠናው መግቢያ ላይ የሚሰጥ የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ፣ እንዲሁም በሪፖርቶችና በመመሪያዎች ላይ የሚሰፍር የአንድ አንቀጽ ዕውቅና ይህንን ክፍተት ለመሙላት ይረዳል። ዕውቅናው ሶፍትዌሩን ለሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ሥራቸው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ማስረጃ ይሆንላቸዋል። ለአደራ ተቀባይ ድርጅቶቹም ለጋሾችን ለማሳመን የሚጠቅም ምስክርነት ነው።

በእርግጥ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮችም አሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለአንድ ድርጅት ዕውቅና ሲሰጥ ሌላውን ማጥላላት ወይም በግዥ ላይ አድልዎ መፍጠር የለበትም። ሶፍትዌር ክፍት ምንጭ ስለሆነ ብቻ ጥራቱ ተረጋግጧል ማለትም አይደለም። የተጠቃሚ ቁጥሩ፣ የእርማት ፍጥነቱና የጠባቂዎቹ ብዛት ሊመዘን ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጥላቸው ግዴታዎችም ሶፍትዌሩ የተገዛም ሆነ በነጻ የተገኘ መሥሪያ ቤቱን ይመለከቱታል።

አገር በቀል አደራ ተቀባይ

የኢትዮጵያ ወጣት ባለሙያዎች በአሁኑ ወቅት በርካታ ፕሮግራሞችን በመጻፍ ላይ ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል በክፍት ፈቃድ የሚወጡት ውሎ አድሮ ዴቢያን ከገጠመው ጥያቄ ጋር መገናኘታቸው አይቀርም። ልገሳው በማን ስም ይገባል? ጸሐፊው ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር ምንጭ ኮዱን የሚረከበው ማን ነው? ለዚህ የሚያስፈልገው የሕግ ማዕቀፍ በአገሪቱ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቀደም ሲል በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ተጥለው የነበሩትን የውጭ ገንዘብ ገደቦች ያነሳ ሲሆን፣ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥም ይደነግጋል። በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ለበርካታ ፕሮጀክቶች በጋራ ገንዘብና ንብረት የሚይዝ ድርጅት ማቋቋም ይቻላል።

ከውጭ በመጣ ድጋፍ የተጀመረ ሥራ ሥር ሰድዶ የአገር ሀብት ሊሆን እንደሚችል ለማየት ደግሞ ከኮልፌ ቀራኒዮ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በዘነበወርቅ በሚገኘው የአለርት ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሳሽነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በጤና ሚኒስቴር ሥር ሆኖ ዛሬ አገር አቀፍ የሕክምና ምርምር ተቋም ለመሆን በቅቷል። ኢንስቲትዩቱን መንግሥት ሊረከበው የቻለው ሥራው፣ ፋይዳውና ደጋፊዎቹ በሚገባ የታወቁ በመሆናቸው ነው። የማይታወቅን ነገር ለመረከብ የሚችል የለም።

የጤና ሪፖርት፣ የመታወቂያ ምዝገባና የአማርኛ ደብዳቤ ዛሬ በክፍት ምንጭ ሥራዎች ላይ ተመሥርተዋል። ሥራዎቹን በአደራ የሚጠብቁት ድርጅቶች ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠብቁት ክፍያ የለም። መሥሪያ ቤቶች ግን ችግር ሲደርስ ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱ በሰላም በሚሰጥበት ጊዜም ድርጅቶቹን በስም ማወቅ፣ በመዝገብ መያዝና ያገኙትን ስህተት በወቅቱ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። ይህም ለውጭ ድርጅቶች የሚደረግ ውለታ ሳይሆን፣ በየጤና ጣቢያው የሚመዘገበውን የሕዝብ መረጃ ከጉዳት ለመጠበቅ የሚከናወን የመንግሥት ሥራ አካል ነው።